ላፕቶፓችንን እንወቀው፤ ስለ መሰኪያዎቹ፥ ስለ መብራቶቹና ስለ ኀይል ቁጠባው

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ያባቶቻችን ተረት ለዛሬው ተማሪ እንደ አዲስ የተነገረ ይመስላል። በዱሮ ዘመን ጥምጣም የተማረ ሰው ምልክት እንደ ነበረ ሁሉ፥ ዛሬም ላፕቶፕ በከረጢት ይዞ መታየት የተማሪነት ምልክት ሆኗል። ይሁን እንጂ በመሣሪያው ጎንና ጎን ያሉት ቀዳዳዎች ለምን እንደ ተሠሩ፥ ብልጭ ድርግም የሚሉት ትናንሽ መብራቶች ምን እንደሚሉ፥ ክዳኑን ስናጥፈው በውስጡ ምን እንደሚሆን ለይተን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ጥያቄው ለዕውቀት ጌጥ ያህል የቀረበ አይደለም። ላፕቶፕ ለብዙዎቻችን ወላጆቻችን ከኑሯቸው ቀንሰው የገዙልን፥ ቢያንስ እስክንመረቅ ድረስ ሊያገለግለን የሚገባ ውድ ዕቃ ነው። የጥናት ማስታወሻችንም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፋችን የሚኖረው በዚያው ውስጥ ነው። መሣሪያው ስለ ራሱ ሁኔታ ሁልጊዜ ይናገራል፤ በጎኑ ባለው ምልክት፥ በመብራቱ ቀለም፥ በሙቀቱም ጭምር ይነግረናል። ቋንቋውን ያላወቀ ግን ወይ ባትሪውን ያለ ጊዜው ያስረጀዋል፥ ወይ መብራት በጠፋ ሌሊት የወር ልፋቱን ያጣል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መሰኪያዎቹን፥ ጠቋሚ መብራቶቹን፥ የኀይል አጠባበቁንም በተራ እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ) መሰኪያዎቹ

በላፕቶፕ ጎን የሚገኙት መሰኪያዎች፥ በተለምዶ «ፖርት» የምንላቸው፥ ሥራቸው ከሦስት አያልፍም። ይኸውም ኀይል ማስገባትና ማስወጣት፥ ፋይል ማመላለስ፥ ሥዕልና ድምፅ ማውጣት ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ስለ ነበረ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም ነበር። ዛሬ ግን አንድ ዐይነት ቅርጽ ብዙ ሥራ ስለ ያዘ፥ ቅርጹን አይቶ ችሎታውን ማወቅ አልተቻለም። የብዙዎቻችን ግራ መጋባት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሁላችንም የምናውቀው ፍላሽ የምንሰካበት አራት ማዕዘን መሰኪያ ዩኤስቢ ኤ ይባላል። የዩኤስቢ ደንብ መጀመሪያ የወጣው በ1996 ዓመት ሲሆን፥ ዓላማውም ለኪቦርድ፥ ለማውስና ለፕሪንተር ይሠራ የነበረውን ልዩ ልዩ መሰኪያ በአንድ ለመተካት ነበር። በ2000 የወጣው ሁለተኛው እትም በሴኮንድ 480 ሜጋቢት፥ በ2008 የወጣው ሦስተኛው እትም ደግሞ በሴኮንድ 5 ጊጋቢት እንዲያመላልስ ተደረገ። የሁለቱ ውጫዊ ቅርጽ አንድ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሠሪዎች የፈጣኑን ምላስ ሰማያዊ ያደርጉታል፤ ወይም በአጠገቡ ሁለት የላቲን ኤስ ፊደላት ይጽፉበታል።

ልዩነቱን በስሌት እንየው። 4 ጊጋባይት የሚያህል የትምህርት ፊልም በአሮጌው መሰኪያ ቢተላለፍ፥ በወረቀት ላይ ሲሰላ ከ1 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ በሰማያዊው ግን 8 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። በተግባር ፍላሹ ራሱ ስለሚያዘግም ጊዜው ከዚህ ይረዝማል። ቢሆንም ማውስ በሰማያዊው ላይ ሰክቶ ውጫዊ ዲስክን በአሮጌው ማስጠበቅ፥ ሰፊውን መንገድ ለእግረኛ ለቆ መኪናውን በቀጭን መንገድ እንደ መንዳት ነው።

ሁለተኛው ባለ ሞላላ አፍ ትንሽ መሰኪያ ዩኤስቢ ሲ ነው። ደንቡ የወጣው በ2014 ሲሆን፥ በውስጡ 24 መገናኛዎች አሉት፤ በየትኛውም ወገን ቢሰካ ይሠራል። አንዱ ዩኤስቢ ሲ ፋይል ብቻ ሲያመላልስ፥ ሌላው ላፕቶፑን ቻርጅ ያደርጋል፤ ሌላው ደግሞ ሥዕል ወደ ፕሮጀክተር ያወጣል፤ ሁሉን የሚችልም አለ። ስለዚህ ከቅርጹ ይልቅ በአጠገቡ የተቀረጸውን ምልክት መመልከት ያስፈልጋል። የባትሪ ወይም የሶኬት መሰኪያ ሥዕል ካለበት ኀይልን ይመለከታል፤ የላቲን ዲ ፊደል ፒን አቅፋ ከታየች ሥዕል ያወጣል፤ ጫፉ እንደ ቀስት የሾለ የመብረቅ ምልክት ካለበት ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣኑ ዐይነት ነው። ለምሳሌ በ2018 የወጣው ቲንክፓድ ቲ480 በግራ ጎኑ ሁለት ዩኤስቢ ሲ ጎን ለጎን አሉት፤ ሁለቱም ቻርጅ ይቀበላሉ፤ ተንደርቦልት ግን አንደኛው ብቻ ነው። ምንም ምልክት ያልተጻፈበት ከሆነ፥ የላፕቶፑን ሞዴል ቍጥር ከሥሩ አንብቦ በሠሪው መመሪያ ላይ መመልከት ነው።

«የስልክ ቻርጀር ላፕቶፕን ያቃጥላልን?» እየተባለ ይጠየቃል። ደንቡን ጠብቆ የተሠራ ከሆነ አያቃጥልም። በዩኤስቢ ሲ ላይ ቻርጀሩና ላፕቶፑ መጀመሪያ ይነጋገራሉ፤ ንግግሩ ሳያልቅ ከ5 ቮልት የበለጠ አይለቀቅም። ከተስማሙ በኋላ እስከ 20 ቮልትና እስከ 100 ዋት ይደርሳሉ፤ በ2021 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ልኩን እስከ 240 ዋት ከፍ አድርጎታል። ነገር ግን 20 ዋት ብቻ የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር 65 ዋት ለለመደ ላፕቶፕ አይበቃም፤ ላፕቶፑ ወይ አልቀበልም ይላል፥ ወይ እየተሞላ ሳለ ባትሪው ይቀንሳል። ገመዱም ልክ አለው። ተራው የዩኤስቢ ሲ ገመድ ከ3 አምፔር አያልፍም፤ ይህም በ20 ቮልት 60 ዋት መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ለመሸከም በውስጡ መለያ ቺፕ ያለው ገመድ ያስፈልጋል። «ቻርጀሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ለምን ይዘገያል?» የሚል ሰው ገመዱን ይመርምር። የአውሮፓ ኅብረትም ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ በግዛቱ ውስጥ አዲስ የሚሸጡ ላፕቶፖች በዚሁ መሰኪያ ቻርጅ የሚደረጉ እንዲሆኑ ስለ ደነገገ፥ የየሠሪው ልዩ ልዩ ቻርጀር ቀስ በቀስ እየቀረ መሄዱ አይቀርም።

ጥናት በክፍል ፊት ለሚያቀርብ ሰው ደግሞ የሥዕል መውጫዎቹን ለይቶ ማወቅ ይጠቅመዋል። ኤችዲኤምአይ ባለ 19 መገናኛ ሲሆን ሥዕልንና ድምፅን አብሮ ይወስዳል። ቪጂኤ በ1987 የወጣ፥ ባለ 15 እግርና ባለ ሁለት ብሎን የቀድሞ መሰኪያ ሲሆን ሥዕል እንጂ ድምፅ አያሳልፍም። አሮጌ ፕሮጀክተሮች የሚቀበሉት ይህንኑ ስለ ሆነ፥ ማስተላለፊያ ገዝቶ መያዝ፥ ድምፁንም ከላፕቶፑ በሌላ ገመድ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ የሚጣራው አስተማሪውና ተማሪው ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ሳይሆን በዋዜማው ነው።

የቀሩት ብዙ አያነጋግሩም። የስልክ ሶኬት የሚመስለው ሰፋ ያለው ባለ 8 መገናኛ የኔትወርክ ገመድ መግቢያ ነው፤ ዋይፋይ በተጨናነቀ ጊዜ ይጠቅማል። ትንሹ ክብ ቀዳዳ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ምንም መገናኛ የሌለባት ጠባብ ቀዳዳ ደግሞ በብዙ ላፕቶፖች ላይ የምትገኝ የቁልፍ ገመድ ማሰሪያ ናት፤ መሣሪያው በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ታስሮ እንዲቀመጥ የተበጀች ስለ ሆነች ምንም አይሰካባትም።

ለ) ጠቋሚ መብራቶቹ

ስለ መብራት ቀለም ሁሉም ሠሪዎች የሚገዙበት አንድ ሕግ የለም። ሆኖም የብዙዎቹ ልማድ ተቀራራቢ ነው። የማብሪያው መብራት ሳያቋርጥ ከበራ ላፕቶፑ ነቅቷል፤ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ ቀስ እያለ ብልጭ የሚል ከሆነ አንቀላፍቷል፤ ፈጽሞ ከጠፋ ወይ ተዘግቷል፥ ወይ ሂበርኔት ሆኗል። በቲንክፓድ ክዳን ላይ በተጻፈው ስም ውስጥ የአንዲቱ ፊደል ነጥብ ቀይ መብራት ናት፤ ላፕቶፑ ሲሠራ ትበራለች፤ ሲተኛ በዝግታ ብልጭ ትላለች። ክዳኑን ሳይከፍቱ ሁኔታውን ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

የቻርጅ መብራት በብዙዎቹ ዘንድ ሲሞላ ብርቱካን ቀለም፥ ሞልቶ ሲያበቃ አረንጓዴ ወይም ነጭ ይሆናል። በማክቡክ ላይ መብራቷ ያለችው በላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ማግሴፍ በተባለው ባለ ማግኔት መሰኪያ ላይ ነው። ማግሴፍ በ2006 ወጥቶ፥ ከ2016 ጀምሮ ከአዳዲሶቹ ማክቡክ ፕሮዎች ላይ ቀርቶ፥ በ2021 ተመልሷል፤ ሲሞላ ብርቱካን፥ ሲያበቃ አረንጓዴ ያሳያል። ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ ምንም መብራት ካልታየ፥ ባትሪውን ከመውቀስ በፊት የግድግዳው ሶኬት፥ ማከፋፈያው፥ ገመዱም በተራ ይፈተሹ።

ትናንሾቹ መብራቶችም ቁም ነገር አላቸው። የይለፍ ቃላችንን አልቀበልም ሲለን በመጀመሪያ የካፕስ ሎክን መብራት እንይ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። የካሜራው መብራት ሳንከፍተው ቢበራ፥ አንድ ፕሮግራም በካሜራው እየተጠቀመ ስለ ሆነ የትኛው እንደ ሆነ እንመርምር። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ያለው የዲስክ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለ ሳለ ደግሞ ፋይል እየተጻፈ ወይም እየተነበበ ነውና፥ ማብሪያውን ተጭኖ በግድ ማጥፋት ጽሑፉን በመሃል ሊቈርጠው ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ግን ላፕቶፑ አልነሣም ባለ ጊዜ የሚያሳየው የብልጭታ ቍጥር ነው። ስክሪኑ ጨለማ ስለ ሆነ ችግሩን በጽሑፍ ሊነግረን አይችልም፤ ስለዚህ በመብራት ይቈጥርልናል። ለምሳሌ በብዙ የዴል ላፕቶፖች መብራቱ 2 ጊዜ ብርቱካን፥ 3 ጊዜ ነጭ ብልጭ እያለ ቢደጋግም፥ ሜሞሪው አልተገኘም ማለት ነው። በኤችፒ ላፕቶፖች ይህን የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ የካፕስ ሎክ መብራት ነው። እንግዲህ ወደ ጠጋኝ ከመሄዳችን በፊት ብልጭታውን ከነቀለሙ ቈጥረን በወረቀት እንጻፍ፤ ትርጉሙንም በሠሪው መመሪያ እንፈልግ። ከቦታው ትንሽ ላላ ያለ ሜሞሪ እንደ ተበላሸ ማዘርቦርድ ተቈጥሮ ገንዘብ እንዳይከፈልበት የሚያድነን ይህ ነው።

ሐ) እንቅልፍ፥ ሂበርኔትና መዝጋት

እነዚህን ሦስቱን ለመለየት የመማሪያ ክፍላችንን እናስብ። የላፕቶፑ ሜሞሪ፥ ራም የሚባለው፥ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ይጻፍበታል፥ ይሰረዝበታል፥ ኀይል ሲቋረጥ ግን ወዲያው ባዶ ይሆናል። ዲስኩ እንደ ደብተር ነው፤ የተጻፈበት ኀይል ባይኖርም ይቈያል።

ላፕቶፑ ሲተኛ ስክሪኑና ሌላው ክፍል ያርፋል፤ ሰሌዳው ግን እንዳይጠፋ ጥቂት ኀይል መብላቱን አይተውም። ሂበርኔት ሲሆን በሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ በደብተር ገልብጦ ኀይሉን ፈጽሞ ያቋርጣል፤ ሲነሣም ከደብተሩ መልሶ ይጽፈዋል። ሲዘጋ ደግሞ ሰሌዳውን አጥፍቶ ክፍሉን ይቈልፋል። ይህ ሥርዐት በደንብ ተጽፎ የወጣው በታኅሣሥ 1996 ሲሆን፥ ኢንቴል፥ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በኅብረት ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለው ደንብ ነው።

እንግዲህ እንቅልፍ ማለት መዝጋት አይደለም። ባትሪው 48 ዋት ሰዓት የሚይዝ ላፕቶፕ ተኝቶ ሳለ በሰዓት ግማሽ ዋት ሰዓት ቢበላ፥ 96 ሰዓት ማለትም 4 ቀን ይቈያል። 1 ዋት ተኩል እየበላ ቢተኛ ግን በ32 ሰዓት ባዶ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው ነገር በአዳዲሶቹ ላይ ያጋጥማል፤ ምክንያቱም ከ2012 ወዲህ በዊንዶውስ ላፕቶፖች እየተስፋፋ የመጣው አዲሱ ዐይነት እንቅልፍ፥ እንደ ስልክ እየነቃ መልእክት እንዲቀበል የተሠራ ነው። ከረጢት ውስጥ የከተትነው ላፕቶፕ ሞቆ የምናገኘውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ቢያልቅ፥ ሰሌዳው ይጠፋል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ እንቅልፍ ይበቃል፤ ለሌሊት፥ ለአውቶቡስ ጕዞ፥ ኀይል ለማይኖርበት ቀን ግን ሂበርኔት ይሻላል። በዊንዶውስ ላይ ሂበርኔት ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ፥ በኮንትሮል ፓነል፥ በፓወር ኦፕሽንስ፥ የማብሪያው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ከሚመረጥበት ገጽ ገብቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ክዳኑ ሲታጠፍ ምን እንዲሆን የሚወሰነውም ከዚያው አካባቢ ነው።

አንድ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ፥ ፋስት ስታርታፕ የተባለው ዘዴ በርቶ ከሆነ፥ «ሸት ዳውን» ስንል ፕሮግራሞቻችን ይዘጋሉ እንጂ የዊንዶውስ ውስጠኛው ክፍል በዲስክ ላይ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ በማግስቱ ያንኑ መልሶ ያነሣል። የታወከ ላፕቶፕ «አጥፍቼ አበራሁት፥ አልተሻለውም» የሚባለው ለዚህ ነው። ከሥሩ አዲስ ሆኖ እንዲነሣ ከተፈለገ «ሪስታርት» ማለት ነው።

መ) ባትሪውን ስለ ማቈየት

የባትሪ መጠን በዋት ሰዓት ይለካል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። 48 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ በ8 ዋት ቢሠሩበት 6 ሰዓት፥ በ16 ዋት 3 ሰዓት፥ በ6 ዋት ደግሞ 8 ሰዓት ያሠራል። 2 ዋት መቈጠብ 2 ሰዓት ማጥናት ሆነ ማለት ነው።

ጽሑፍ ብቻ በምንጽፍበት ጊዜ ከበላተኞቹ ዋናው ስክሪኑ ነው፤ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ከሌላው ዘዴ ሁሉ ይቀድማል። ቀጥሎ ፊልምና በብሮውዘር የተከፈተው የገጽ ብዛት ይመጣል። የተሰካ ፍላሽና ውጫዊ ዲስክ፥ ከላፕቶፑ ላይ የሚሞላ ስልክ፥ የኪቦርዱ ብርሃን፥ የማንጠቀምበት ዋይፋይ፥ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ባትሪ ሴቨር የሚባለው ምርጫም ስክሪኑን ያደበዝዛል፤ በስተጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ይገታል። ሰዎች ይህን የሚያበሩት 10 በመቶ ሲቀራቸው ነው። ሆኖም ባትሪው ሙሉ ሳለ መጀመር እንጂ ካለቀ በኋላ መቈጠብ፥ መጥኖ ሳይደቍሱ ድስት ጥዶ እንደ ማልቀስ ነው።

ስለ ዕድሜውም ጥቂት እንበል። የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው፤ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው በ1991 የጃፓኑ ሶኒ ሲሆን፥ መሠረቱን የጣሉት ጉዴናፍ፥ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የዚህ ባትሪ ጠላቶች ሙቀት፥ ሁልጊዜ 100 ከመቶ ሞልቶ መቈየት፥ ባዶውን ለብዙ ጊዜ መቀመጥ ናቸው። «አልፎ አልፎ ጨርሶ ባዶ ይሁን» የሚባለው ምክር ለቀድሞው የኒኬል ባትሪ የተነገረ ነው። ብዙ ሠሪዎች መሙላቱ ወደ 80 ከመቶ ሲደርስ እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ አስገብተዋል፤ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥሩ ነው።

ነገር ግን ምክሩ እንደ ኑሯችን ሊሆን ይገባል። መብራት በሚቈራረጥበት ሰሞን፥ በተለይም ፈተና ሲደርስ፥ 80 ላይ መቆም የባትሪን ዕድሜ አተርፋለሁ ብሎ የጥናት ሌሊትን ማጣት ይሆናል። በዚያን ጊዜ መቶ ይሞላ፤ ሰሞኑ ሲያልፍ ወደ 80 ይመለስ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዞ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ጓደኛችን ደግሞ መብራት በጠፋባት ቅጽበት ሁሉን ስለሚያጣ፥ በየአምስት ደቂቃው ጽሑፉን ማስቀመጥ አለበት። ላፕቶፑን በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ የአየር መውጫውን መድፈንም ባትሪውን በሙቀት ማስረጀት ነው። ባትሪው አብጦ ሰውነቱን ቢገፋው ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ሳይወጉና ሳይጫኑ ሥራውን አቁሞ ወደ ዐዋቂ መውሰድ ነው።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ማታ ግማሽ ሰዓት ወስደን ላፕቶፓችንን ዙሪያውን እንመልከት፤ በየመሰኪያው አጠገብ ያለውን ምልክት በወረቀት እናስፍር፤ ሂበርኔት ከዝርዝሩ እንዲወጣ እናድርግ፤ ቻርጀሩን ነቅለን ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚያሠራን እንለካ። የተኛው ላፕቶፕ የቱ፥ የተዘጋው የቱ እንደ ሆነ ሳንለይ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ለእንቅልፍ አደራ አንስጥ። ያገኘነውንም ለክፍል ጓደኞቻችን እናካፍል፤ በአንድ ዶርም ውስጥ አንድ ሰው የብልጭታን ቈጠራ ቢያውቅ፥ ለሌሎቹም ሁሉ ይተርፋል።